ሂባሪ ያላጠፈችው ድምፅ

እሺ... እየቀዳ ነው? ነው። ምት የምቆጥርባቸው ማንኪያውም ብርጭቆውም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ የሚያውቅ ያውቃል።

ባለፈው የጃፓኗን ዘፋኝ የሂባሪ ሚሶራን ነገር «ናት ኪንግ ኮልን በደንብ ቀድታዋለች፤ በቃ፣ ይሄ ተዘጋ» ብዬ ነበር አይደል? አልተዘጋም። ያቺ ድምፅ አልለቀቀችኝም። አንዲት ድምፅ ናት፤ ደግሞ የሚያስገርመው በውስጧ ያለው ነገር ሳይሆን የሌለው ነው።

የጃዝ አልበሟን ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ 1965 የወጣው፣ ለአሜሪካዊው የጃዝ ዘፋኝና ፒያኒስት ለናት ኪንግ ኮል መታሰቢያ የዘፈነችው። ኮል ፌብሩዋሪ 15 ቀን አረፈ፣ ገና 45 ዓመቱ ነበር፤ እሷ በዚያው ዓመት 28 ሞላት፣ አልበሙም በዚያው ዓመት ወጣ። ከኋላዋ የኖቡዎ ሃራ ቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ባንድ፣ ነፋሾች የበዙበት)፣ ሻርፕስ ኤንድ ፍላትስ። አሁን ግራና ቀኙን እዩት። ኖቬምበር 1964 ላይ «ያዋራ» ወጥቷል፣ የጁዶ ዘፈን፣ ደረቱን የነፋ ኤንካ፤ ኤንካ ማለት ያ ስሜት የሞላበት፣ ባህላዊ ቃና ያለው የጃፓን ዘፈን ነው። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ገና ማለቁ ነበር። (አዎ፣ የኛው አበበ በ2:12:11 የገባበት። ወደዚያ አልሄድም ዛሬ፣ ቃል ገብቻለሁ።) 1966 ላይ ደግሞ «ካናሺ ሳኬ»፣ ያ እንባ የሚያስመጣው የመጠጥ ዘፈን። ጃዙ በሁለቱ መሃል ነው የተቀመጠው። ጉሮሮው ያው አንድ ጉሮሮ ነው!

ወደ ድምፅዋ ልመለስ። «ስታርደስት» ላይ። ረጅም ኖታ ትይዛለች፣ መስመሩ ሊያልቅ ነው፣ ኤንካ የሰማ ጆሮ አሁን ትጠመዝዘዋለች ብሎ ይጠብቃል። ኮቡሺ የሚሉት ነው፦ በአንድ አናባቢ ላይ ድምፁ ወደ ጎረቤቱ ኖታ ብልጭ ብሎ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተመልሶ ቦታው ይገባል። የኛ ሰው ቅላጼ የሚለው ነገር ዘመድ ነው። እና... አትጠመዝዘውም። ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፣ ትይዛለች፣ መጨረሻው ላይ ብቻ በስሱ ታርገበግበውና ትለቀዋለች።

ለምን? አንደኛው ምክንያት የሙያ ነው። ሳክስፎኖቹ አራት አምስት ሆነው የተቀራረቡ ኖታዎች ይዘው ከሥር ተኝተዋል። ዘፋኟ ድምፅዋን በጠመዘዘች ቁጥር ከነሱ የአንዱ የግማሽ ድምፅ ጎረቤት ላይ ትወድቃለች፣ ይጋጫል። በሻሚሴን፣ በባለ ሦስት ክሩ የጃፓን መሣሪያ፣ ወይም በአንድ ጊታር ሲሆን ቦታ አለ፤ እዚህ ግን ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። ኮቡሺ ጊዜም ይበላል። በዝግታ ዘፈን ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ መግባት ውበት ነው፤ ዘግይተህ ገብተህ ደግሞ ከጠመዘዝክ ግን የሚቀጥለው ኮርድ፣ ባንዱ ከሥር አብሮ የሚይዛቸው ድምፆች፣ ጥሎህ ይሄዳል።

ማንኪያውን ልጠቀም። (ቲን... ቲን...) በሰከንድ አንድ ምት፣ በደቂቃ 60። የነዚህ ዘፈኖች አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ 32 ባር ነው፣ በአራት አራት ምት 128 ምት፣ ማለት 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ከሆነ የሚተርፈው 52 ሰከንድ ነው። ከዚያ ላይ መግቢያው 4 ባር፣ 16 ሰከንድ፤ የመጨረሻዎቹ 8 ባሮች ሲደገሙ 32 ሰከንድ፤ ለመዝጊያ 4 ሰከንድ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ዘፋኟ ታሪኩን የምትነግርበት ዕድል አንድ ነው። በአንደኛው ዙር ያበላሸችውን የምታስተካክልበት ሁለተኛ ዙር የላትም። ዝግታ ቀላል ይመስላል እንጂ...

የቋንቋውም ነገር አለ። ጃፓንኛ ርዝመት ይቆጥራል፤ «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ባ»ውን ብታስረዝመው አያት ትሆናለች። እኛ «ገና»ን አላልተን «እስካሁን» እንደምንል፣ አጥብቀን በዓሉን እንደምንል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ የለመደ አፍ አናባቢ እንደልቡ ሲለጠጥ... ኮልም በተራው «ኤል-ኦ-ቪ-ኢ»ን በጃፓንኛ ዘፍኖታል፣ ታውቃላችሁ? ሄዳችሁ ስሙት። ሁለቱም በሰው ቋንቋ ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት።

አሁን የምር ወደሚያስጨንቀኝ ነገር። የኤንካና የድሮ የጃፓን ዘፈን ሜጀር ስኬል (ቅኝት በሉት) ዮናኑኪ ይባላል፣ አራተኛውና ሰባተኛው የወጡለት ማለት ነው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ክራር የነካ ሰው አሁን ፈገግ ብሏል። ትዝታ ሜጀር ነዋ! ማይነሩም ቢሆን ከትዝታ ማይነር ጋር እርምጃው አንድ ነው። የጎደሉት ፋ እና ሲ ናቸው። ጃዝ ደግሞ የሚራመደው በነዚህ በጎደሉት ነው። ሦስት ተከታታይ ኮርዶች፣ ሬ ማይነር ሰቭን፣ ሶል ሰቭን፣ ዶ ሜጀር ሰቭን በሏቸው፦ ከላይ ዶ ወደ ሲ ይወርዳል፣ ከታች ፋ ወደ ሚ ይወርዳል። ዘፈኑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በአምስት ድምፅ ያደገ ጆሮ እዚያ ሲደርስ ሲን ወደ ዶ ይስበዋል፣ ፋን ወደ ሶል። የኛም ሰው ስታንዳርድ፣ ሁሉም የሚጫወታቸውን የታወቁ የጃዝ ዘፈኖች፣ ሲሞክር ብዙ ጊዜ የሚያስተው እዚያ ነው፣ ድምፅ አንሶት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በተቃራኒው ነው የሄደው፤ ዜማውን በአምስቱ ላይ ትቶ ኮርዱን ከሥር አስገባ። መድኃኒቱን ከፈለጋችሁ፦ ኮርዱን በፒያኖ ያዙ፣ ሲን ብቻ ስምንት ምት ዘምሩ፣ ወደ ዶ ሳትሄዱ ዝም በሉ። ያማል። ይማ።

ሂባሪ ግን ያንን ሲ ትይዘዋለች። ኖታ ማንበብ አትችልም ይባላል፣ በጆሮ ነው የምትማረው። እና እኔ ያልኩት፣ ባለፈው ያልኩት፣ «ኮልን በደንብ ቀድታዋለች» ነበር። ኮቡሺውን የተወችው ስለቀዳች ነው፣ አልኩ። አሁን እንጃ። የሚቀዳ ሰው የሰማውን ይጨምራል እንጂ የራሱን እንዲህ አያስቀምጥም። ከዓመት በኋላ «ካናሺ ሳኬ» ላይ ሁሉንም መልሳ ታወጣዋለች፣ አንድም አልጠፋባትም። የት አስቀምጣው ነበር?

ወይም ደግሞ... አይ፣ ይሄንንም አልወደድኩትም። «አስቀመጠችው» ስል ኤንካው የራሷ፣ ጃዙ የሰው ሆኖ ቀረ። የዮኮሃማ ልጅ ናት፣ የዓሣ ነጋዴ ልጅ፤ በ12 ዓመቷ የቀዳችው የመጀመሪያ ሸክላዋ ቡጊ ዉጊ፣ የጃዝ ዘመድ የሆነ ፈጣን የጭፈራ ምት፣ ነበር። ምናልባት ጃዙ ነው የቀደመው። ምናልባት ኮቡሺው ነው የተጨመረው።

እንደዚያ ከሆነ ደግሞ የትኛው ነው... ቆይ፣ ያቺን ቦታ እንደገና ላስጀምራት። ድምፁን ከፍ አድርጉ፣ ባሱን ትታችሁ ሳክስፎኖቹን ተከተሉ፣ እሷ ስትይዝ እነሱ ወዴት...