እሳቱ ነዶ እያለ ያልታየበት ምክንያት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው የቤቴ የጋዝ ማሞቂያ ያስተማረኝን ነገር ነው። ማሞቂያው ይለኮሳል፤ ሰማያዊ ነበልባልም ጋዙ በሚነድባቸው በርነሮች ሁሉ ላይ ይዘረጋል፤ ነገር ግን አምስት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ጋዙ ይዘጋና እሳቱ ይጠፋል። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ከደጋገመ በኋላ ራሱን ቆለፈ። እኔም ቸኩዬ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ተቃጥሏል ብዬ ደመደምኩ፤ አዲስ ቦርድ ብገዛ ኖሮ ግን ችግሩ እንዳለ ይቀር ነበር።

እሳት መኖሩን ለቦርዱ የሚያረጋግጠው የነበልባል ሴንሰር፣ ሥሩ በሴራሚክ የተያዘ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሙቀት የሚለካ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። ቦርዱ አቅጣጫውን የሚቀያይር፣ ተለዋዋጭ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ወደ ዘንጉ ይልካል፤ ነበልባሉ ራሱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ባሕርይ ስላለው ከዘንጉ ወደ በርነሩ ያሻግረዋል፤ በርነሩ ከዘንጉ እጅግ ሰፊ በመሆኑም ፍሰቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ቦርዱ እሳት አለ የሚለው ይህን ያደላ ፍሰት ሲያገኝ ብቻ ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 6 ማይክሮአምፒር ነው፤ አንድ ማይክሮአምፒር ደግሞ የአምፒር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ደካማ ፍሰት፣ በዘንጉ ላይ ቀስ በቀስ የተጋገረ ስስ ሽፋን ሊያግደው መቻሉ ከዚያ በኋላ አልገረመኝም።

የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሬን፣ ፍሰቱ በውስጡ እንዲያልፍ በዘንጉና በሽቦው መካከል አገናኝቼ ስለካ 0.4 ማይክሮአምፒር አነበብኩ። ኤሌክትሪኩንና ጋዙን ዘግቼ፣ አንዲቱን ብሎን ፈትቼ ዘንጉን አወጣሁና በደቃቅ የብረት ሱፍ ቀስ ብዬ ወለወልኩት፤ ሻካራ የአሸዋ ወረቀት ዘንጉን ስለሚጭረው አልተጠቀምኩበትም። መልሼ ስለካው 3.2 ሆነ፤ እሳቱም አልጠፋም።

ሴንሰሩን አልፎ ሽቦውን በሌላ መንገድ የማገናኘት ሐሳብ ለማንም እንዳይመጣ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ሴንሰሩ የተሠራው ያልነደደ ጋዝ ቤት ውስጥ እንዳይጠራቀም ነውና። ከጽዳት በኋላም ቁጥሩ ካልጨመረ የሴራሚኩን ስንጥቅ፣ የሽቦውን ጫፍ፣ የበርነሩን ዝገትና የግራውንዱን (የመሬት ሽቦውን) ግንኙነት መመርመር ይገባል። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ወይም የአየር ማራገቢያው ሲነሳ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋ ሊኖር ስለሚችል ማሞቂያውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ግድ ነው።

3.2 የሚለውን ቁጥር ከነቀኑ በማሞቂያው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለካ ዝቅ ብሎ ካገኘሁት፣ እሳቱ መጥፋት ሳይጀምር ዘንጉን አጸዳዋለሁ።