«አባዬስ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ የእንቅልፍ ጉዳይ ለሳምንት ይቆየን። ሌላ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል።

ጣፊያቸው በአደጋ ምክንያት የወጣ አባት ናቸው። ለደም ግፊት እኔ ጋ ይመላለሳሉ። ኒሞኮከስ የሚባለው፣ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። ልጃቸው ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ጠዋት ልጇን አስከትባ ነው የመጣችው፤ ካርዱ እጇ ላይ ነው። ገለጠችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። የጥፍሯ ቀለም ተላልጧል። «ዶክተር፣ ይሄ የአባዬ በሽታ አይደል? ልጄ ሦስቴ ተከትቧል። አባዬስ?»

«ለአዋቂም አለ» አልኳት።

ማታ ማታ የምትመላለስብኝ ይቺ ናት። ለአዋቂም አለ። እንደ ምሥራች ነገር ነው ያልኳት እኮ! ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን ከካርዱ ላይ ሳታነሳ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ታዲያ ማን ነው የሚነግረን?» አለች።

ሄጄ ፋይላቸውን አወጣሁ። «ጣፊያ ወጥቷል» ይላል። ሦስት ቦታ። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ጣፊያ የደም ወንፊት ነው። ኒሞኮከስን የመሰለ ሽፋን ያለው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲገባ ለቅሞ የሚያወጣው በዋናነት እሱ ነው። ጣፊያው በቀጠሮ የሚወጣ ሰው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ይከተባል። ድንገት ከወጣ ደግሞ በኋላ ይከተባል። ይህን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ለእሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳቸውም። ቀዶ ሐኪሙ ነግሯቸዋል ብዬ ነው። እሱ ደግሞ ተከታታይ ሐኪማቸው ትነግራቸዋለች ብሎ ይሆናል። በመሃል ማንም አልነገራቸውም።

ክትባቱ አዲስ ነገር ቢሆን እሺ። የባክቴሪያውን 23 ዓይነት የሚይዘው ክትባት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። እርግጥ ሌላ ዓይነት የኒሞኮከስ ክትባትም ስለነበር የቱ ይቅደም፣ በመሃል ስንት ጊዜ ይለፍ የሚለው ያምታታን ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን 20 ዓይነት የሚይዘው መጣና ለብዙ አዋቂ አንድ መርፌ በቂ ሆነ። ስለዚህ ሰበብ የለኝም። ወይም... ትንሽ አለኝ መሰለኝ። የ10 ደቂቃ ቀጠሮ ነው፤ ግፊቱ፣ መድኃኒቱ፣ ቀጣዩ ተራ...

አይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት እኮ።

ቢከተቡም ሊይዛቸው ይችል ነበር። ባክቴሪያው ከ100 በላይ ዓይነት አለው፤ ክትባቱ ሁሉንም አይሸፍንም። ይህን ለራሴ ስነግረው ትንሽ ቀለል ይለኛል። ቀለል ማለቱ ደግሞ ያናድደኛል።

በማግሥቱ የገባውን ሁሉ ጠየቅኩ። ስኳር ያለበትን፣ ልቡ የደከመውን፣ አጫሹን፣ ከ65 በላይ የሆነውን። አንዲት እናት «ክትባት የሕፃን አይደል እንዴ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ማታ ላይ ግን መቁጠር ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬ ስንቱ ነው በዚያ በር ገብቶ የወጣው?

አባት ትናንት ወደ ተራው ክፍል ተዛውረዋል። ልነግራቸው ሄድኩ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ከሳሽብኝ እኮ ልጄ። ምግብ አትበዪም እንዴ?» አሉኝ።

እበላለሁ አልኳቸው።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ልጅቷ ቀድማኝ ካልነገረቻቸው። ምናልባትም ነግራቸው ይሆናል፤ እንዲያ ያዩኝ የነበረው...