ሽፍታው ጠፋ ማለት ትሉ ወጣ ማለት አይደለም

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚዎች፣ መምህራንና የጤና ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ቆዳ በሽታዎች እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እኔ ግን አንዱን ይዤ እቆያለሁ፤ ከውሃ የሚመጣውን።

ልጁ ቦይ ውስጥ ሲንቦራጨቅ ውሎ ገባ እንበል። ማታ እግሩን ያክካል። ሱሪውን ሰብስባችሁ እዩት፤ ቀያይ ትናንሽ እብጠቶች ውሃው እስከደረሰበት ድረስ ወጥተዋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆዳ ንጹሕ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል እጭ የገባበት ሊሆን ይችላል። እጩ ከቀንድ አውጣ ይወጣል፤ ቆዳ በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውሃው ውስጥ ይበዛል። እከክ ግን ሌላ ነው፤ ሌሊት ይብሳል፣ በጣቶች መካከልና በወገብ ላይ ይወጣል፣ ቤተሰቡን ያዳርሳል።

ለማሳከኩ ቀዝቃዛ ጨርቅና ካላሚን የሚባለው ማሳከክ የሚያስታግስ ቅባት ይበቃል። ጥፍሩን ቁረጡለት፤ ቧጦ ካቆሰለው ይመግላል። ሽፍታው በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው! እኛ ባለሙያዎች ቅባት ሰጥተን እንሸኘዋለን። ቅባት ትል አይገድልም! ትሉ ወደ ጉበትና አንጀት ደም ሥሮች ሄዶ ያድጋል። ከሳምንታት በኋላ ልጁን ሲያተኩሰውና ራሱን ሲያመው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ለወባ ደሙ ታይቶ ነጻ ሲባል ቤቱ ይመለሳል። ያንን ሽፍታ የሚጠይቅ የለም! ዓመታት ሲያልፉ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ያበጠ ጉበትና ጣፊያ፣ ውሃ የቋጠረ ሆድ ይከተላል። ካርዱ ላይ «ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ለሰገራ ምርመራ ተመለስ» ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?

ቀጠሮው ያለ ምክንያት አይደለም። የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል የጎለመሰውን ትል እንጂ ለጋውን በደንብ አይገድልም፤ እንቁላሉም ቶሎ ሰገራ ላይ አይታይም። አንድ ናሙና ነጻ ቢሆንም ሌላ ቀን ይደገም። መጠኑ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ባለ 600 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ፣ ምግብ በልቶ ይውጥ። በባዶ ሆዱ ከዋጠ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፤ በቀጣዩ የመድኃኒት እደላ ዘመቻ ወላጅ ልጁን የሚደብቀው በዚህ የተነሳ ነው።

ሳያሳክከው የሚያዝም ብዙ ነው።

የገላ ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ከድናችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፤ እጩ ይሞታል። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ አይተዋል፤ ዓሣም ስለሚገድል ግን ባለሙያ ሳታማክሩ ቦይ ውስጥ አትጨምሩ።

ሰሞኑን ያሳከካቸውን ልጆች ስምና ውሃ የገቡበትን ቀን ዛሬውኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስመዝግቡ። ቀጠሮው የሚቆጠረው ውሃ ከገቡበት ቀን ነው።