እጁ ይገባል

እሺ፣ እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆየን። ስለ ሼባው ነው የማወራው፣ ስለ አሮጌዋ መኪናዬ። አዎ፣ እንደገና! «ሽጪውና ተገላገዪ» የምትሉኝ ሰምቻችኋለሁ። አልሸጠውም።

ሂተሩ ተሠራ። ዜናው እሱ ነው። ሐምሌን ሙሉ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረግኩ ስነዳ ያያችሁኝ ይገባችኋል። ከጎኔ የተቀመጠ ሁሉ ጠራጊ ነበር፤ እማዬ እንኳ አልቀረችም፣ በነጠላዋ ጫፍ። (ሳቅ)

የሼባው ዳሽቦርድ ላይ እንደ ዘመኑ መኪና ስክሪን ምናምን የለም። የሚንሸራተቱ ዘንጎች ናቸው ያሉት። ዘንጓን ወደ ቀዩ ስትገፏት ከኋላዋ ያለው ቀጭን ካቦ ይጎተትና ውስጥ ያለች ትንሽ በር ይከፍታል። ንፋሱ በዚያ አልፎ፣ የሞተሩ ሙቅ ውኃ የሚዞርባትን ትንሽ ራዲያተር ነክቶ ወደ እኛ ይመጣል። የኔ ዘንግ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ምንም አይጎትትም። ጭራሽ ጥቁር ፍርፋሪ ፊቴ ላይ ይተፋብኛል። ከንፈሬ ላይ ሁሉ! ጥላሸት ይሆናል ስል ውስጥ ባሉት ትንንሽ በሮች ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ነው አሉኝ። ሲያረጅ ይፈረፈራል።

በነገራችን ላይ፣ ሳልረሳው። ንፋሱ የመጨረሻው ፍጥነት ላይ ብቻ ከሠራላችሁ የማራገቢያውን ሞተር ለመግዛት አትሩጡ፤ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን የምትቀንሰው ዕቃ፣ ሬዚስተሯ ናት የምትቃጠለው። የመጨረሻው ፍጥነት በእሷ በኩል ስለማያልፍ ነው እሱ ብቻ የሚተርፈው። መስታወቱ ላይ ቅባት ቅባት የሚል ጉም ካለና መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ነገር ከሸተታችሁ ግን ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ሊሆን ይችላል። እና ክረምት ላይ የውጭ አየር የሚያስገባውን አትዝጉት። መስታወቱን የሚሸፍነው የራሳችን ትንፋሽ ነው፤ መውጫ ስታሳጡት እዚያው ይዞራል። ይህቺን ለታናሽ ወንድሜ ነው የምነግረው። ራሱን ያውቃል።

እና ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ዶክተሩን ታውቁታላችሁ፣ መካኒኬን። ዘንጓን ወዲያ ወዲህ አደረጋት፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ «ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት» አለኝ። ልቤ ወረደ። መሪው ሊፈታ፣ ያ ሁሉ ብሎን ሊወልቅ! ዕድሜ የጠገበ ፕላስቲክ ደግሞ ገና ሲነኩት ነው የሚሰነጠቀው። እሱም ያውቀዋል መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ጋራዡ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ጠራ። «ና እስቲ። ያንተ እጅ ይገባል።»

ልጁን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። ትልቅ ቱታ ለብሷል፣ እጅጌው ተጠቅልሏል፣ በዝናቡ ርሷል። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ መክተቻ አወለቁለት። ወለሉ ላይ በጀርባው ተኛ። እግሩ በበሩ ወጥቶ ውጭ ቀረ፤ ኮንጎ ጫማው ላይ ይዘንብበታል። ክንዱ እስከ ትከሻው ገባ። ጉንጩ ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፎ ዓይኑ ጣሪያውን ያያል። «አገኘሁት» አለ። «ካቦው ከክሊፑ ወጥቷል።»

ትንሽ ሲታገል ቆየ። ከዚያ «እትዬ፣ ግፊው» አለኝ። እትዬ! ገፋሁት። ሞተሩ ሞቆ ስለነበር ወዲያው... ሙቅ አየር! ጮህኩ። ዶክተሩም ሳቀ።

ልጁ ግን እጁን አላወጣም።

«ገብቷል?» አለው ዶክተሩ። «ገብቷል።» «ታዲያ አውጣዋ!» ልጁ እንደ ማፈር አለና «ይሞቃል» አለ። ሳቅን፣ ሁላችንም። እሱም ሳቀ። ግን አሁንም አላወጣውም። እኔም ዘንጓን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዶክተሩ ዞር ብሎ መፍቻ መሰብሰብ ጀመረ። ሆን ብሎ ይሆን? እንጃ። ደቂቃ አይሞላም እኮ። ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሲነሳ «ስንት ዓመትህ ነው?» ልለው ስጀምር «አሥራ አምስት» አለኝ። ጥያቄውን አልጨረስኩም እኮ! ቤት ገብቼ አዋጁን አየሁት፣ የ2011ዱን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156። 15 ያልሞላውን መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። አሥራ አምስት አይመስልም። ግን እኔ የልጅ ዕድሜ መገመት መቼ እችልበታለሁ? ዶክተሩ ራሱ ባትሪ እያበራ ነው ሙያውን የለመደው፤ ስንቴ ነግሮኛል። ደግሞ ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው። ክፋት አልነበረበትም እኮ። «ያንተ እጅ ይገባል» ሲለው ልጁ ኮራ ብሎ ነው የመጣው።

ግን ያ እጅ ያድጋል። የዛሬ ዓመት አይገባም። ያኔ ሌላ... ኧረ ተዉት።

ደግሞ አልጨረስንም። የግራው የአየር መውጫ አሁንም አይነፋም፣ ክንፎቿም ተሰብረዋል። ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣች አይቻለሁ። የጠራልኝን ዋጋ አልነግራችሁም፣ እማዬ ትሰማለች። (ሳቅ) ዶክተሩ ደግሞ «ከኋላ ቱቦው ወልቆ ይሆናል፣ ትምህርት ሳይከፈት ብቅ በይ» አለኝ። ትምህርት ሳይከፈት። ልጁ ይማራል ማለት ነው? ነው ወይስ ስለራሱ ልጆች ነው? ነሐሴ ሲያልቅ በደብተር ወጪ እንደሚያማርር ታውቃላችሁ... ወዲያው ብጠይቀው ምን ነበር? ከፍዬ ወጣሁ። መውጫው ካልነፋ ደግሞ የጎኑ መስታወት ጉም ይይዛል፣ ስፖኪዮው አይታየኝም፣ እሱም ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መሄዴ አይቀርም መሰለኝ። ወይ ሌላ ጋራዥ... ሌላ ጋራዥ ደግሞ ዳሽቦርዱን ያወርዱታል። እንጃ። ቆይ፣ ስልኬ እየጠራ ነው...