ከመወሰናችን በፊት እግዚአብሔርን እንጠይቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አምላካዊ ጥበብ በዕለት ኑሯችን» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ለመዳሰስ አልሞክርም። ገባዖን በምትባል በብንያም ርስት ባለች ከተማ ምክንያት የተጻፉ፣ በዘመን የተራራቁ ሁለት ታሪኮችን ይዤ፣ ከመወሰን በፊት እግዚአብሔርን ስለ መጠየቅ ብቻ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የሚገኘው ነው። የገባዖን ሰዎች ኢያሪኮና ጋይ መውደቃቸውን በሰሙ ጊዜ ያረጀና የተቀደደ የወይን ጠጅ አቁማዳ፣ የተጣፈ ጫማ፣ የደረቀና የሻገተ እንጀራ ይዘው ወደ እስራኤል ሰፈር መጡና ከሩቅ አገር እንደ መጡ ተናግረው ቃል ኪዳን ለመኑ። የእስራኤል አለቆች ሞኞች አልነበሩም። «ምናልባት በመካከላችን የምትኖሩ ትሆናላችሁ» ብለው ጠርጥረዋል፣ ጠይቀዋል፣ ከስንቃቸውም ወስደው አይተዋል። ያላደረጉትን መጽሐፉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረናል፤ እግዚአብሔርን አልጠየቁም። ከሦስት ቀን በኋላ እነዚያ «የሩቅ አገር ሰዎች» ጎረቤቶቻቸው እንደ ሆኑ ታወቀ። እኔን ዘወትር የሚያስደነግጠኝ ግን መጠየቂያው ቅርብ የነበረ መሆኑ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 እንደ ተጻፈው ኢያሱ በካህኑ በአልዓዛር ፊት እንዲቆም፣ አልዓዛርም ስለ እርሱ እግዚአብሔርን እንዲጠይቅ ታዝዞ ነበር። ካህኑም ትእዛዙም በእጃቸው እያሉ ዓይናቸው ያየው በቃቸው።

ዛሬ በየቤታችን የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልጃቸውን ወደ ዐረብ አገር ለመላክ ደላላ ፊት የተቀመጡ ወላጆች፣ ልጅቱ በማታነበው በዐረብኛ የተጻፈ ውል ሲቀርብላቸውና ቀድማ የሄደች የጎረቤት ልጅ የላከችው ፎቶ ሲታያቸው፣ ማስረጃው ሁሉ የተሟላ ይመስላቸዋል። ጓደኛው ለሚበደረው ብር ዋስ እንዲሆን የተለመነ አባወራ ደግሞ የጓደኛውን ደግነት አይቶ ይፈርማል፤ ልጆቹ የሚኖሩበት ቤት በዚያ ፊርማ ሊሸጥ እንደሚችል ግን ከሚስቱ ጋር እንኳ አልተማከረበትም። ጋብቻም፣ ሥራ መልቀቅም፣ ከወንድም ጋር በርስት መካሰስም እንዲሁ ነው። ሰው በእነዚህ ነገሮች የሚሳሳተው ሁልጊዜ ካለማወቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ያየነውና የሰማነው በቂ ስለሚመስለን ጸሎት የሚመጣው ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ያውም «አቃናልን» ለማለት ነው። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አስቀድሞ ሊመክረን ወደሚወድ አምላክ የምንሄደው ከጉዳት እንዲያወጣን ብቻ ሆኗል።

ከመካከላችን እንዲህ ባለ ውሳኔ የታሰረ ሰው ካለ ተስፋ አይቁረጥ። የእስራኤል አለቆች መታለላቸውን ካወቁ በኋላም በእግዚአብሔር ስም የማሉትን መሐላ አላፈረሱም፤ ሕዝቡ ሲያጉረመርምባቸው ታግሠው የገባዖንን ሰዎች ሕይወት ጠበቁ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ ጥሶ ገባዖናውያንን በመግደሉ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21 እናነባለን። ስለዚህ ሳንጠይቅ የገባንበትን ቃል በታማኝነት መያዝ፣ በዚያው ውስጥ ሆኖም ለሚቀጥለው እርምጃ እግዚአብሔርን መጠየቅ ራሱ የጥበብ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሰሎሞን ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው ወጣቱ ንጉሥ ሊሠዋ ወደ ገባዖን ወጣ፤ እግዚአብሔርም በሌሊት በሕልም ተገልጦ ምን እንዲሰጠው እንደሚሻ ጠየቀው። ሰሎሞን ረጅም ዕድሜ፣ ባለጠግነት ወይም የጠላቶቹን ነፍስ አልለመነም። ታናሽ ብላቴና እንደ ሆነ፣ መውጫና መግቢያውንም እንደማያውቅ ተናግሮ መልካሙንና ክፉውን የሚለይበት አስተዋይ ልቡና ለመነ። ልመናው የጀመረው አለማወቁን ከመናገር ነው፤ የኢያሱ ዘመን አለቆች ግን ያወቁ መስሏቸው ነበር። የተሰጠው ጥበብ በመጀመሪያ የዋለበትም ቦታ ያስገርማል። መጽሐፉ ወዲያው የሚያቀርብልን የጦር ስልትን ወይም የመንግሥታትን ስምምነት ሳይሆን፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ምስክር የሌላቸው፣ በሕዝቡ ዘንድ የተናቁ ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ላይ ያነሡትን ክርክር ነው። እግዚአብሔር ጥበቡን ለቤት ጉዳይ አያሳንስምና «ይህች ትንሽ ናት፤ በእርሷ አላስቸግረውም» የሚለውን አስተሳሰብ ብንተወው እወዳለሁ።

እንዴት እንጠይቅ? ሐዋርያው ያዕቆብ ጥበብ የጎደለው ሰው ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን እንዲለምን ይመክራል። «ሳይነቅፍ» የሚለው ቃል ባለማወቃችን ለምናፍር ለእኛ ትልቅ መጽናኛ ነው። ከጸሎት ጋር ደግሞ ምክር አለ፤ በምክር በኩል መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 37ን ቤተሰብ አብሮ ቢያነበው ምንኛ በጠቀመ! ሲራክ መካሪ ሁሉ ለራሱም ሊመክር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ስለ ጦርነት ፈሪን፣ ስለ ሽያጭ ገዢን፣ ስለ ቸርነት ንፉግን እንዳናማክር ይነግረናል። ስለ ስደት ኮሚሽን የሚቆረጥለትን ደላላ ማማከር ከዚህ የተለየ አይደለም። ሲራክ እግዚአብሔርን ከሚፈራና ሕጉን ከሚጠብቅ ሰው ጋር፣ ብትወድቅ አብሮህ ከሚያዝን ሰው ጋር ተማከር ይላል፤ የልብህንም ምክር አትናቅ ካለ በኋላ፣ ከሁሉ በላይ መንገድህን በእውነት እንዲያቀናልህ ልዑልን ለምን ብሎ ይደመድማል። የንስሐ አባቶቻችን ለዚህ ነው የተሰጡን። የንስሐ አባትን ለፍልሰታ ጾምና ለቤት ጠበል ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ፣ ቤት ሊሸጥ ወይም ልጅ ሊድር ሲል ሳይጠራቸው ቢቀር ራሱን ይጎዳል።

ያገኘነው መልስ ከእግዚአብሔር መሆኑንም መመርመር ይገባል። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 ላይኛይቱ ጥበብ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር፣ ምሕረትና በጎ ፍሬ የሞላባት መሆኗን ጽፏል። ስለዚህ «እግዚአብሔር ገለጠልኝ» የሚል ውሳኔ ወንድምን የሚያስቀና፣ ወላጅን የሚያዋርድ ወይም እውነቱን የሚሸፍን ከሆነ፣ ምንም ያህል እንባ ቢፈስበት ከላይ አልመጣም። ሕልምና ትንቢት ለሚሸጥልን ሰው ከመሮጣችን በፊት ይህን አንድ ጥቅስ ብናነብ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድን ነበር።

በመጨረሻ የማነሣው ከሁሉ የሚከብደኝን ነው። ያ በገባዖን የለመነው ንጉሥ፣ እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ የተገለጠለት፣ የምሳሌዎች ባለቤት፣ በሸመገለ ጊዜ ልቡ ወደ ሌሎች አማልክት ዘንበል አለ። በወጣትነቱ የተቀበለው ጥበብ ለሽምግልናው ስንቅ ሆኖ ብቻውን አልዘለቀም። ስለዚህ ይህን ልመና ለወጣቶች ብቻ አልተውም፤ በዕድሜ ለበሰላችሁ፣ በየሽምግልናው ሰው ለምታስታርቁ፣ ምክራችሁ ለሚሰማ አባቶችና እናቶችም ነው። በዚህ ሳምንት የምትወስኑት ነገር ካለ፣ ሰው ፊት ከመቅረባችሁ በፊት በቤታችሁ ከትዳር አጋራችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ቆማችሁ በስሙ ጠርታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ ቀነ ገደብ ያለው ነገር ከሆነም አንድ ሌሊት እንዲያድር ጠይቁ።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።