ሠራተኛው ለምን ይለቃል? ከሰሜን ሸዋ አድማጮች ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምደውለው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ሠራተኛ አሠልጥነን ሳንጨርስ ይለቃል። አለቃዬ «ደመወዝ አንሶ ነው» ይላል። እውነቱን በዳታ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። ሶፍትዌር ለመግዛት ግን አትቸኩይ፤ ለጊዜው ኤክሴል ይበቃሻል። በዓመቱ የለቀቁትን ለአማካይ የሠራተኛ ቁጥር አካፍይና በ100 አባዢው። በአማካይ 400 ሠራተኛ ኖሮሽ 60 ከለቀቁ የመልቀቅ መጠኑ 15 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ካቆምሽ ግን አለቃሽን አታሳምኚውም። መቼ ለቀቁ? ከየትኛው ሺፍት? በየትኛው ሱፐርቫይዘር ሥር ነበሩ? አብዛኞቹ 60ውን የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሳይጨርሱ ከሄዱ፣ አቀጣጠራችሁንና አቀባበላችሁን መርምሪ። የማታ ሺፍት ላይ ከበዛ ስለ ሰርቪስ ጠይቂ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በሌሊት በእግር ወደ ቤት መሄድ ለአንዲት ወጣት ከባድ ነው። ከዚያ ለለቀቁት ልጆች ደውይላቸው። ምክንያቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ቀኖቹን አስተካክይ። የቅጥሩ ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የመልቀቂያው በፈረንጆቹ ተጽፎ ይገኛል። ያኔ የሥራ ዘመኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይረዝማል። ጥቅምት 30ን «30/2» ብለሽ ብታስገቢ ኤክሴል እንደ ቀን አይቆጥረውም፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውማ! ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም። ለስሌቱ ሁሉንም ወደ ፈረንጆቹ ቀይሪ፤ የእኛውን በሌላ አምድ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ላይ ሆቴል አለኝ። ሠራተኞቼ 18 ናቸው። ይሄ ነገር ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ በመቶኛ አይድከሙ አባቴ። ሁለት ሰው ቢለቅብዎ 11 በመቶ ሊባል ነው፤ ሁለቱም በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ማን መቼ እንደተቀጠረ፣ መቼና ለምን እንደሄደ ደብተር ላይ ይያዙ። ያሉትንም አልፎ አልፎ ቁጭ ብለው ያነጋግሯቸው።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ለሰዓት መቆጣጠሪያ አሻራ ሰጥተናል። ለሌላ ነገር ቢጠቀሙበትስ?

መልስ፦ ስጋትህ ተገቢ ነው ወንድሜ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለልህ። አሻራህ ለምን እንደተወሰደና ማን እንደሚያየው የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጡህ። የሰው ሀብት ባለሙያዎችም ስሙን፦ ስለ መልቀቅና መቅረት ለማጥናት አሻራም፣ የሕመም ዓይነትም አያስፈልጋችሁም። የሠራተኛውን ስም በቁጥር ተኩት።