አስተማሪውና ተማሪው እኩል፦ ለቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ መጋቢያን፣ የተወደዳችሁ መዘምራን፣ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችና የሳውንድ ባለሙያዎች፤ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እንኳን በደህና መጣችሁ። ጊታራችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የመጣችሁ አላችሁ። ጌታ ድካማችሁን ያስብላችሁ።

ዛሬ ይዤ የቆምኩት አንድ ነገር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሙዚቃ ሥራ ነው። ትምህርት አለው፣ ልምምድ አለው፣ ተራ አለው፣ ቀለብም አለው። አምልኮ ስለሆነ ሥራነቱ አይቀርም።

አንደኛ ዜና መዋዕል 25ን ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን እናልፈዋለን። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዳዊት የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች በመሰንቆ፣ በበገናና በጸናጽል እንዲያገለግሉ ይለያቸዋል። ለእግዚአብሔር መዘመርን የተማሩት 288 ነበሩ። በ24 ክፍል ተመደቡ፤ በእያንዳንዱ 12 ሰው። ማን በየትኛው ሰሞን እንደሚያገለግል የተወሰነው ደግሞ በዕጣ ነው። ታላቁም ታናሹም፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል ዕጣ ጣሉ።

እኔ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ። አንጋፋው ሰሞኑ ሁሉ የእኔ ነው አላለም። ተማሪውንም አንተ ገና ነህ፣ ዞር በል ያለው የለም። ስንት ቤተ ክርስቲያን ነው አንድ ሰው ኪቦርዱን ይዞ ዓመታት የሚቀመጥበት? ያ ሰው ሲታመም ወይም አገር ሲቀይር ጉባኤው ያለ ሙዚቃ ይቀራል። ከጎኑ ያስቀመጠው ልጅ አልነበረማ! እዚህ ያላችሁ አንጋፎች፣ እባካችሁ፣ ስታገለግሉ አንድ ልጅ አጠገባችሁ ይቁም።

ክናንያንም አስታውሱ። ታቦቱ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ዜማውን የመራው እሱ ነው። ለምን እሱ ተመረጠ? አዋቂ ስለነበረ። ቃሉ የሰጠን ምክንያት ይኸው ነው። «መንፈስ ቅዱስ ይመራናል» ብለን ልምምድ የምንቀርበት ጊዜ አለ። በዘጸአት 31 የመገናኛውን ድንኳን እንዲሠራ የተጠራው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ሲሞላ የተሰጠው ግን ጥበብ፣ ማስተዋል፣ እውቀትና የእጅ ሥራ ችሎታ ነው። መንፈሱና ሙያው አልተጣሉም። እኛ ነን ያጣላናቸው።

የቅዳሜ ከሰዓትን ልምምድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘማሪዋ «ይሄ ከፍ ይልብኛል» ትላለች። ኪቦርድ የያዘው ልጅ ትራንስፖዝ የሚለውን፣ ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ሁለቴ ጫን ያደርጋል። ጣቶቹ ግን ከለመዱት ቦታ ንቅንቅ አይሉም። ቤዝ የያዘው በየት ኪይ፣ ማለትም በየትኛው መነሻ ድምፅ፣ እንደሆኑ ጠፍቶት በጆሮው ይፈልጋል። ማሽኑ ቢያግዘን ክፋት የለውም። ነገር ግን አሥራ ሁለቱንም ኪይ በጣት ማወቅ የሚቻል ነገር ነው፤ በየቀኑ ጥቂት መቀመጥ ይጠይቃል እንጂ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬንም እንዲሁ። የገዛ ቅኝታችንን በደንብ ሳናውቅ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ብንከምርበት ዜማው ይታፈናል።

ሌላም አለ። ሊድ ጊታር ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ቤዙ ራሱን መስማት ሲያቅተው እሱም ይጨምራል። ድራሙ ይከተላል። በመጨረሻ ዘማሪዋ ትጮሃለች፣ ሳውንድ ላይ ያለው ወንድማችን ይወቀሳል፣ ምእመኑም ዝም ብሎ ያያል። የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲመረቅ መለከት የሚነፉ 120 ካህናት ነበሩ። 120 መለከት! ከነሱ ጋር ጸናጽል፣ በገና፣ መሰንቆና መዘምራን። ሁለተኛ ዜና መዋዕል 5 እንደሚለው፣ እንደ አንድ ሆነው አንድ ድምፅ አሰሙ። ቤቱም በደመና ተሞላ። አንዱ ሌላውን ሳያዳምጥ እንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንም።

የደከማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መድረክ ላይ ሌሎችን እያስመለኩ በውስጥ መድረቅ አለ። ይህን ለማንም መናገር ያስፈራል። አሳፍ የመዘምራን አለቃ ነበር። በስሙ በተጻፈው መዝሙር 73 እግሬ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር ይላል። የክፉዎችን ምቾት አይቶ ቀንቶ ነበር፤ ልቤን ያነጻሁት በከንቱ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ይህንን አልደበቀውም፣ መዝሙር አደረገው። ወደ እግዚአብሔር መቅደስ እስኪገባ ድረስ ነገሩ አልገባውም ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ጉባኤ ማንም አይፈርድባችሁም።

በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር አልተዘጋም። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ በእስር ቤትም ዘምሯል። መዝሙር በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ እኩለ ሌሊት ላይ ሲዘምሩ እስረኞቹ ያዳምጧቸው ነበር ይላል ቃሉ። ጥሩ ሳውንድ አልነበራቸውም፣ መብራትም አልነበራቸውም። እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ነበር። ያን ሌሊት የሰማቸው ሰው ግን ነበር።

አሁን ለመጋቢያን አንድ ቃል። በድፍረት ሳይሆን በአክብሮት ነው የምናገረው። ነህምያ 13ን አንብቡልን። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ መዘምራኑን በቦታቸው አላገኛቸውም። ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር። ነህምያ መዘምራኑን «ጥሪያችሁን ረሳችሁ» ብሎ አልተቆጣም። የተከራከረው ከሹማምንቱ ጋር ነው፤ «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» አለ። ከዚያም መዘምራኑን ሰብስቦ በየሥራቸው አቆማቸው፤ አሥራቱም ወደ ጎተራው ገባ። የጊታር ክር ይበጠሳል፣ ትራንስፖርት ይወደዳል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይከፈልለታል። ሙዚቀኞቻችንን ለሰርግና ለኮንፈረንስ ስንጠራ ይህንን እናስብ። «ለጌታ ነው» የሚለው ቃል የሙዚቀኛውን ድርሻ ማስቀሪያ አይሁን።

ከሻይ በኋላ በየመሣሪያችሁ ትከፋፈላላችሁ። ኪቦርድና ጊታር ላይ፣ ድራምና ቤዝ ላይ፣ ክራርና ማሲንቆ ላይ፣ ድምፅና ሳውንድ ላይ የሚያስተምሩ ወገኖች ተዘጋጅተዋል። ከሰዓት በኋላ መጋቢያንና ሙዚቀኞች አብረው ይቀመጣሉ፤ የነህምያን ጥያቄ እዚያ በግልጽ እንነጋገርበታለን። ማታ በሚኖረን የአምልኮ ጊዜ የሚጫወተውን ቡድን የምንለየው በዕጣ ነው። ጀማሪዎችም ስማችሁን በር ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አበስራለሁ። እንነሳና እንጸልይ።